ሮቶአችን ውስጥ ያለው ብርሃን

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም የሚደርሰን ሌሊት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ያስላል። ከዚያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ደህናው ይከተላል። እማዬ ሳሉን በእንቅልፍ ልቧ ትሰማዋለች። "ተነስ፣ መጥቷል" ስትለኝ ሰዓቱን እንኳ ሳላይ ባትሪ ይዤ ወደ ሮቶው እወጣለሁ።

ሮቶው ባለ 2,000 ሊትር ነው፣ ጥቁር፣ ጓሮ ብረት ማማ ላይ የተቀመጠ። ክዳኑን ከፍቼ ተንሳፋፊው እንዳይነክስ አያለሁ፣ ከዚያ እስኪሞላ እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ባትሪዬን አጠፋሁትና ጭንቅላቴን ወደ ቀዳዳው አስጠግቼ ወደ ጨለማው አፈጠጥኩ። ምንም አልታየኝም። እንደማይታየኝም አውቅ ነበር። ግን ውስጡ ብርሃን እንዳለ በቅርቡ ተምሬያለሁ፤ ሰው ደግሞ የተማረውን ነገር አንዴ ሄዶ ካላየ አያርፍም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ፎቶ ነው። ጓደኛዬ በቴሌግራም ላከልኝ፦ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ተጠጋግተው የተደረደሩ ትልልቅ ክብ የቆርቆሮ ነገሮች። "ምን ይመስልሃል?" አለኝ። የእህል ጎተራ ነው አልኩ። አይደለም። የነዳጅ ዴፖ? አይደለም። "ቴሌስኮፕ ነው" ሲለኝ የሚቀልድ መሰለኝ። መስታወት የለው፣ ወደ ሰማይ የተቀሰረ ቱቦ የለው።

እውነቱን ነበር። ሃውክ ይባላል። ያለው ሜክሲኮ ነው፣ ሴራ ኔግራ በሚባል እሳተ ገሞራ ጎን ላይ፣ 4,100 ሜትር ከፍታ። ከኋላው የሚታየው በረዷማው ተራራ ፒኮ ዴ ኦሪዛባ ነው፣ 5,636 ሜትር። እነዚያ ጎተራ የመሰሉኝ 300 የውሃ ታንከሮች ናቸው። እያንዳንዱ 7.3 ሜትር ስፋት፣ 5 ሜትር ቁመት አለው፣ ወደ 200 ሺህ ሊትር ይይዛል። የኛን ሮቶ መቶ እጥፍ መሆኑ ነው። ከውጭ ሸንተረር ያለው ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት፣ ከረጢቱ ውስጥ የተጣራ ውሃ፣ ወለሉ ላይ ወደ ላይ ያፈጠጡ አራት የብርሃን ዐይኖች። በቃ፣ ይኸው ነው ቴሌስኮፑ። ውሃው ደግሞ ተራራ ላይ የወጣው በቦቴ ነው። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ቦቴ መለመን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሙያዬ ሒሳብ መዝገብ ነው፤ ፊዚክስ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁ እኔ የገባኝን ያህል ነው።

ሃውክ የሚፈልገው ጋማ ጨረር የሚባለውን ነው። ጋማ ጨረር ብርሃን ነው፣ ልክ እንደ አምፖሉ ብርሃን። የሚለየው ጉልበቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቻይና ውስጥ ያለ ላሶ የሚባል ጣቢያ ከሲግነስ ኅብረ ከዋክብት በኩል የመጣ አንድ ፎቶን መዝግቧል፤ ፎቶን ማለት አንዷ የብርሃን ፍሬ ናት። ጉልበቷ 1.4 ፔታ ኤሌክትሮን ቮልት ነበር፣ በዐይናችን ከምናየው የብርሃን ፍሬ 700 ትሪሊዮን እጥፍ ገደማ። ቁጥሩ ምንም አልነገረኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በግርድፉ ወደ ኩሽና ቀየርኩት። አንዲት ምስር ከግማሽ ሜትር ከፍታ ሰፌድ ላይ ብትወድቅ የምታሰማት "ጠብ" አለች አይደል? ያቺን ታህል ነው። ትንሽ ትመስላለች። ግን አንዲት ምስር ውስጥ ስንት ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን አተም አለ። ያን ሁሉ ጉልበት አንዲት የብርሃን ፍሬ ብቻዋን ተሸክማ መጣች።

እንዲህ ያሉት ፎቶኖች ብርቅ ናቸው። ሳተላይት ላይ የሚጫን የጋማ መሣሪያ ስፋቱ ከምግብ ጠረጴዛ ብዙም አይበልጥም፤ በዓመት ጥቂት ጠብታ ለሚጥል ዝናብ ደግሞ ጠረጴዛ አይበቃም፣ ሜዳ ያስፈልጋል። ሜዳ ያለው ምድር ላይ ነው። ምድር ላይ ደግሞ ጋማ ጨረር አይደርስም፣ አየሩ ያስቀረዋል። (እንኳንም አስቀረው፣ ባያስቀረው ይህን የሚጽፍም የሚያነብም አይኖርም ነበር።)

ታዲያ እንዴት ይያዛል? አየሩ ሲያስቀረው ዝም ብሎ አያስቀረውም። ፎቶኑ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአንድ አተም ጋር ሲላተም ወደ ሁለት ቅንጣት ይቀየራል፣ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን። እነሱ በየፊናቸው አዲስ ጋማ ይረጫሉ፣ ያ ጋማ እንደገና ጥንድ ይወልዳል፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ ጉልበቱ እስኪያልቅ ይባዛል። እንግሊዞቹ ሻወር ይሉታል። እኔ ዶፍ ብዬዋለሁ፣ ምክንያቱም ዶፍ ነው። ዶፉ የሚወርደው ግን እንደ ዝናብ ተዘርዝሮ አይደለም። ቅንጣቶቹ አንድ ላይ ይመጣሉ፣ እንደ አንድ ሰፊ ስስ እንጀራ፣ ለብርሃን በሚጠጋ ፍጥነት። እንጀራው ዘንበል ብሎ ከመጣ አንደኛው ጠርዝ መሬቱን ቀድሞ ይነካል። ታንከሮቹ ማን ስንት ቢሊዮንኛ ሰከንድ እንደቀደመ ይመዘግባሉ፣ ከዚያች ልዩነት ፎቶኑ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይሰላል።

ውሃው ምን ይሠራል ካላችሁ፣ የሚገርመው እሱ ነው። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ከዶፉ የመጣው ቅንጣት ግን ግድ የለውም፣ ሲሮጥ እንደመጣ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ብርሃንን ይቀድማል። ጣና ላይ ሞተር ጀልባ ሲፈጥን ከኋላው ማዕበሉ እንደ ሹል ቀስት ይከፈታል አይደል? ቅንጣቱም እንደዚያ ከኋላው ሰማያዊ ብርሃን ይከፍታል። ይህን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1934 ያስተዋለው የሶቪየቱ ፓቬል ቸሬንኮቭ ነው፤ በ1958 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል አግኝቶበታል። አየር ውስጥም ይኸው ይፈጠራል፣ ከውሃው ይልቅ በጣም ደካማ ሆኖ።

እዚህ ስደርስ ነው ስለ ሮቶአችን ያሰብኩት።

ከጠፈር ወደ አየራችን የሚወርደው ጋማ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ኮስሚክ ጨረር የሚባለው ነው፣ በዋናነት ፕሮቶን። እሱም ዶፍ ይሠራል፤ ከዶፉ የሚተርፉት ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች እስከ ባሕር ጠለል ድረስ ይወርዳሉ፣ በየደቂቃው ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ገደማ። ጥፍራችሁ ላይ አሁን፣ ይህን እያነበባችሁ፣ እየወደቀ ነው። አንድ ካሬ ሜትር 10 ሺህ ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የሮቶአችን አናት ከአንድ ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በደቂቃ ከ10 ሺህ በላይ ሙዮን ክዳኑን በስቶ ገብቶ፣ ውሃውን ሰንጥቆ፣ ሰማያዊ ብልጭታ ትቶ በታች ይወጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በየጣሪያው፣ በየማማው ያለው ሮቶ ሁሉ ቀንም ሌትም እየበራ ነው፣ ባዶው ሲቀር። ብልጭታው ለኛ ዐይን በጣም ደካማ ነው፣ ቅጽበቱም በጣም አጭር። ሃውክን ቴሌስኮፕ፣ የኛን ሮቶ ደግሞ ሮቶ ያደረገው ሥሩ ያሉት አራት ዐይኖችና ዐይኖቹን የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው።

ለጥያቄው ደግሞ መልስ ማግኘት ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ገለባው ከፍሬው ይበዛል። ሃውክ በሰከንድ 25 ሺህ ያህል ዶፍ ይመዘግባል። ከዚያ ውስጥ ጋማ የጣለው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም፣ ሌላው ፕሮቶን የጣለው ነው። ፕሮቶኑ ለምን አይጠቅማቸውም? ኤሌክትሪክ የተሸከመ ስለሆነ በጋላክሲው መግነጢስ እየተጠመዘዘ ነው የሚመጣው። በስንት ሰው አፍ ዞሮ እንደደረሰ ወሬ ነው፣ መነሻውን ብትጠይቀው አያውቅም። ጋማ ግን ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ከየት ወጣህ ቢሉት ጣቱን ይቀስራል።

እማዬ ምስር ስትለቅም ታውቃላችሁ? ማለቴ የናንተም እናት እንዲሁ ነው የምትለቅመው። ሰፌዱ ላይ ትዘረጋዋለች። ጠጠሩ ከምስሩ ጋር አንድ ቀለም፣ አንድ መጠን ነው። ልጅ ሆኜ አንድ በአንድ እያነሳሁ ልረዳት ስሞክር "ተወው፣ አንተ ምሳ አታደርሰንም" ትለኝ ነበር። እሷ ፍሬ በፍሬ አታይም። ሰፌዱን ታንገዋልለዋለች፣ ጠጠሩ በአኳኋኑ ይለያል፣ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። የጋማ ሰዎችም ያገኙት መላ ይኸው ነው፣ ቅንጣቱን ሳይሆን የዶፉን አኳኋን ማየት። የጋማ ዶፍ ለስላሳ ነው፣ ከመሃል ወደ ዳር እኩል እየሳሳ ይሄዳል። የፕሮቶን ዶፍ እንደጓጎለ ገንፎ ነው፣ እዚህም እዚያም እብጠት አለው፣ ሙዮኑም ይበዛል። ላሶ ለዚህ ብሎ 1,188 የውሃ ገንዳዎች 2.5 ሜትር አፈር ሥር ቀብሯል። ኤሌክትሮኑ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ሙዮኑ ያልፋል። ገንዳው ዝም ካለ ከላይ የወረደው ጋማ ነው ማለት ነው።

ይህን ለቀማ ለመማር ዘመን ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 ጋልብሬዝና ጄሊ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እንግሊዝ፣ ሃርዌል ውስጥ፣ የቆሻሻ በርሜል ወስደው 25 ሴንቲ ሜትር መስታወት ሥሩ አስቀመጡ፣ ከላዩ አንድ የብርሃን ዐይን ሰቀሉ፣ ጨለማ ሲሆን ሜዳ ላይ አውጥተው አቆሙት። ዶፉ አየር ውስጥ የሚተወውን የቸሬንኮቭ ብልጭታ ያዙ። በቆሻሻ በርሜል! (ይህን ታሪክ ለስንት ሰው እንደተረክሁ አልነግራችሁም።) እ.ኤ.አ. በ1968 አሪዞና ውስጥ ዊፕል የተባለ 10 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ተተከለ። ከዚያስ? ምንም። ዓመት አለፈ፣ አምስት፣ አስር፣ አስራ አምስት ዓመት አለፈ፣ ምልክት አየን ይባላል፣ መልሶ ይጠፋል፣ እርግጠኛ የሆነ አንድም ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ማይክል ሂላስ የጋማ ዶፍ ምስል ከፕሮቶኑ በቅርፅ እንዴት እንደሚለይ አሳየ። በትሬቨር ዊክስ የሚመራው የዊፕል ቡድን በዚያ ዘዴና በ37 ፒክስል ካሜራ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት የሆነውን የሸርጣን ኔቡላን ያዘ፣ ውጤቱም በ1989 ታተመ። ከ1968 ብትቆጥሩት 21 ዓመት ነው። መስታወቱ ያው መስታወት ነበር፣ የጎደለው ሰፌድ ነው። በ37 ፒክስል! የኔ የተሰነጠቀ ስልክ ካሜራ 13 ሚሊዮን አለው፣ የሚያነሳው ደግሞ የሽንኩርት ዋጋ ነው። ወደ ሽንኩርቱ እመለሳለሁ።

ከፍታው ለምንድን ነው ላላችሁ፣ ዶፉ በመንገድ ያልቃል። ላይ ዶፍ የነበረው ባሕር ዳርቻ ሲደርስ ካፊያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ካፊያም አይሆን። ውሃ ውስጥ ቅንጣት የሚይዝ ሰው ሳያልቅ ሊደርስበት መውጣት አለበት። 4,100 ሜትር ላይ አየሩ ባሕር ጠለል ካለው ስድሳ በመቶ ገደማ ነው፣ ባቄላ ቀኑን ሙሉ ቢጣድ የማይበስልበት ቦታ። ላሶ 4,410 ሜትር ላይ ነው፣ ሲቹዋን፣ ዳኦቼንግ። እ.ኤ.አ. በ1912 ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በባሉን 5,300 ሜትር ወጥቶ ጨረሩ ከፍ ባለ ቁጥር እንደሚጨምር የለካውም ለዚህ ነው የሆነለት፣ ወደ ዶፉ ሄደ። ናሚቢያ ውስጥ፣ ኮማስ ደጋ ላይ ያለው ጣቢያ በሱ ስም ሄስ ይባላል፣ 1,800 ሜትር። የነሱ መስታወት ነው፣ የሚያየውም አየር ላይ ያለውን ብልጭታ ስለሆነ እንደ ሃውክ መውጣት አላስፈለጋቸውም። ጨለማ ነው የሚያስፈልጋቸው። የፈነዳ ኮከብ ቅርፊትን በጋማ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ በምስል ያሳዩት እነሱ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2004። አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሥራ ነው፣ ይህን የምለው ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው።

አገሬን ለመሸጥ እንዳይመስላችሁ እንጂ ካርታ ማየቴ አልቀረም። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፣ እነሱ ግን ተራውን ብርሃን ነው የሚያዩት። ባሌ ላይ ሳነቴ አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ሜዳ፣ መኪና መንገድ ያለው። ለአንድ ቀን ሙሉ 300 ሮቶ ሳነቴ ላይ ደርድሬ አደርኩ፣ በሐሳቤ። ከዚያ ቀይ ቀበሮዎቹ ትዝ አሉኝና ነቀልኩት። ይቅርባቸው።

ሽንኩርቱ እንግዲህ። መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም. እሁድ ነበር፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 9 ቀን 2022። ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ ቦታ ላይ ፈንድቶ የተነሳ የጋማ ፍንዳታ ብርሃኑ በዚያ ቀን እኛጋ ደረሰ። እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ እንደሱ ደምቆ የታየ የለም። ላሶ ቀንም ሌትም፣ ጨረቃ ኖረች አልኖረች ይሠራል፣ ፍንዳታውም በሱ ሰማይ ላይ ነበር፤ በ3,000 ሰከንድ ውስጥ ከ64 ሺህ በላይ ፎቶን ለቀመ። ሄስ ግን ጨለማ ፈላጊ ነው። ጨረቃዋ ሙሉ ስለነበረች ዐይኑን ወደዚያ ማዞር የቻለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ዋናው ዶፍ የወረደው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ስልኬን ገልብጬ ያን ቀን ምን እንደሠራሁ ፈለግኩ። አንድ ፎቶ አለኝ፣ ካርቶን ላይ በማርከር የተጻፈ የሽንኩርት ዋጋ፣ ለጓደኞቼ ጉድ እዩ ብዬ የላክሁት። ሰዓቱ 10 ሰዓት ከ11 ይላል። ገበያ ነበርኩ ማለት ነው፣ ወይም በመንገድ ላይ። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት፣ ፍንዳታው በዚያ ሰዓት ከአዲስ አበባ አንጻር የት ነበር? ምሥራቁን ይዞ፣ ከአድማስ እስከ አናታችን ካለው ከግማሽ በላይ ከፍ ብሎ። እኛም ላይ ወርዷል። ላሶ የያዘውን ውሃው ለተዘረጋበት 78 ሺህ ካሬ ሜትር ሳካፍለው፣ ያመለጡትን ሳልቆጥር፣ በካሬ ሜትር ወደ አንድ ይጠጋል። ስለዚህ አንዷ ወደ ሮቶአችን ያመራች አለች በግርድፉ፤ 2 ቢሊዮን ዓመት ተጉዛ፣ ጓሯችን ልትገባ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀራት አየር ላይ ተሰባብራ ቀረች፣ እኔ ሽንኩርት ስከራከር።

እዚያ ሌሊት ባትሪዬን አጥፍቼ ስቆም ይሄን ነበር የማስበው። እማዬ ከታች፣ "ምን ሆነህ ነው ጨለማ ውስጥ የምትቆመው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ከሰማይ ቅንጣት እንደሚወርድ፣ ክዳኑን በስቶ እንደሚገባ፣ ውሃው ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን እንደሚያበራ፣ ሜክሲኮ ውስጥ በዚህ ነገር ከዋክብት እንደሚያዩ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ውሃውን ያበላሸዋል?" አለች።

"ኧረ አያበላሸውም።"

"እንግዲያው ክዳኑን ግጠምና ውረድ፣ ቅጠል እየገባበት ነው።"